በደሴቱ ገዳም እግራችንን ያጠበው ረድእ

ባለፈው ቅዳሜ መምህርታችን የክፍሉን መጋረጃ ዘግተው በነጩ ግድግዳ ላይ የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን ያሳዩን ነበር። እኔ ዘንድሮ እዚሁ ጂንካ በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። አብረውኝ የሚማሩት አብዛኞቹ በዕድሜ ከልጆቼ ያንሳሉ፤ "አባባ ታምሩ" እያሉ የፊተኛውን ወንበር ይለቁልኛል። ስለዚህ ያ ሥዕል ሲመጣ በጣም ቅርብ ነበርኩ። የተሰቀለውን ክርስቶስ ጎን በጦር የሚወጋው ወታደር ነው። ፊቱ ወደ ጎን የዞረ ሆኖ ሳለ ሁለት ዓይን አለው፤ ሁለተኛው ዓይን በኋላ በሌላ ቀለም ተጨምሮ ጆሮው አጠገብ ተለጥፏል። ልጆቹ ሳቁ። መምህርታችን "ይህንን በአካል ያየ አለ?" ብለው ለወጉ ያህል ጠየቁ። እጄን አወጣሁ። ክፍሉ እንደገና ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። "እንግዲያው ይጻፉልን፤ የሚያስታውሱትን ብቻ" አሉኝ። እነሆ እንደታዘዝኩት እጽፋለሁ። ዓመተ ምሕረቱን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ምን ለብሼ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ።

ካኪ ሱሪና ኮንጎ ጫማ ነበር። ኮንጎ ጫማን የዛሬ ልጆች አያውቁትም፤ በፀሐይ እግር የሚቀቅል፣ በዝናብ ደግሞ ጭቃው ነክሶ የሚያስቀረው የላስቲክ ጫማ ነው። ሸሚዜ ከታላቅ ወንድሜ ከጌታቸው የወረስኩት፣ ኮሌታው እንደ ዝሆን ጆሮ የሰፋ ነበር። በዚያን ጊዜ የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማዋ እምብርት ላይ ነበር፤ ሜዳው ሣር ስለነበር ከብት ይግጥበታል፣ አውሮፕላን መምጣቱ በተሰማ ቁጥር ዱላ የያዘ ሰው ሮጦ ያባርራቸዋል። የእማዬ ሱቅ ከሜዳው ጥግ ነበረች። ጨው፣ ላምባ፣ ክብሪትና አቡጀዴ ትሸጥ ነበር። ጎረቤታችን ካለችው ሻይ ቤት አንድ ብርጭቆ ሻይ በስሙኒ ይጠጣል፤ ስኳሩ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ሲመጣ ሻዩ ይጣፍጣል፣ ሲቀር ደግሞ ሰው በጨው ይጠጣ ነበር። ከሬዲዮው ማርሽ ይመጣል፣ ከማርሹ ቀጥሎ የፍቅር ዘፈን ይመጣል፤ ዘፈኑ ሲጀምር ሰው ሁሉ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፣ ጨዋታውን ግን ዝቅ። ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ፣ ማን ሲነሳ ማን እንደተከተለው ሁሉም ሰው ያስተውል ነበር። ዛሬ በዚያው ጥግ አስፋልት ላይ ባጃጆች ተሰልፈው ሲጯጯሁ ስሰማ፣ ያኔ ሰው እንዲህ መጮህ ቢችል ኖሮ ምን ይል ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ጌታቸው የጠፋው በአልዱባ ገበያ ነው። እማዬ ጨውና አቡጀዴ አሸክማው በገበያ ቀን ይሄድላት ነበር። ያን ቀን ለውትድርና ወጣት የሚያፍሱ ሰዎች ገበያውን ከበቡት። ጓደኞቹ ተጭነው ሄዱ፤ እሱ ግን በፍየሎቹ መሀል አጎንብሶ ወጣ አሉ፤ ወዴት እንደሄደ ያየ የለም። ከወራት በኋላ አንድ የጨው መኪና ሾፌር ሱቃችን ገባ። ክብሪት ገዝቶ፣ ክብሪቱን እያገላበጠ "እዚያ ሐይቁ ላይ ካለው ገዳም እንጨት የሚሸከም ረድእ አየሁ፤ ቁርጥ የእናንተን ልጅ" ብሎ ወጣ። ረድእ ማለት ገና ምንኩስና ያልተቀበለ፣ መነኮሳቱን የሚያገለግል ወጣት ነው። ሌላ እናት ብትሆን ደስ ይላት ነበር። እማዬ ግን ሾፌሩ ከወጣ በኋላ ለረጅም ጊዜ ባንኮኒውን በጨርቅ ስትወለውል ቆየችና "ይኼን ሰው ማን ላከው?" አለችኝ።

በጂንካ ከደጋ የመጡ ነጋዴዎች የጽዋ ማኅበር ነበራቸው። በዚያ ዓመት ማኅበሩ ያንን ጥንታዊ ገዳም ለመሳለም ወሰነ። ሐሳቡን ያመጣችው እማዬ እንደሆነች ማንም እንዳያውቅ ቅቤ ነጋዴዋን ወይዘሮ ብርቄን እንድትናገር አደረገቻት። ለጉዞ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ቀበሌው ወረቀቱን ሰጠ፤ ነገር ግን ለሁላችንም አንድ ወረቀት፣ እሱም በአቶ ሰይፉ እጅ። ሰይፉ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ሰው ነው። ረጅም፣ ካኪ ኮቱ ኪስ ላይ እስክሪብቶ የማይለየው፣ ሲያዳምጥ አንገቱን ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል ሰው ነበር። ለውትድርና የሚፈለጉትን ልጆች ስም በስብሰባ ላይ የሚጠራው እሱ ነው፤ የጌታቸውን ስምም የጠራው እሱ ነበር። እማዬ ጉዞውን እንዳትተው ፈራች፤ ከተወች "ለምን ቀረች?" ይባላላ። እንዳትሄድም ፈራች።

የአርባ ምንጭ መንገድ በዚያን ጊዜ መንገድ አይባልም ነበር። የጭነት መኪናው ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ ወይጦ ወንዝ ዳር ውሃው እስኪጎድል ግማሽ ቀን ቆመን፣ አቧራ እንደ በርበሬ ተነስንሶብን ነው የሄድነው። ወይዘሮ ብርቄ ካልቀለደች መኪና የሚያሳምማት ሴት ነበረች።

"ጓድ ሰይፉ፣ ለመሆኑ ጾም ታውቃለህ?" አለችው።

"እንዴት አላውቅም ብርቄ? የቀበሌው ስኳር ካለቀ ጀምሮ ጾም ላይ ነኝ።"

"እሱማ ለእኛ ነው ያለቀው፤ አንተ ጋ መች አለቀ!"

ሁሉም ሳቀ። ሰይፉም ሳቀ። እማዬ ግን ማን እስከ ምን ድረስ እንደሳቀ ታይ ነበር። ሳቁ ሲበርድ ሰይፉ ወደ እሷ ዞሮ፣ ቀለል አድርጎ፣ "እትዬ አስካለ፣ የጌታቸው ወሬ የለም?" አላት።

"አልዱባ እንደወጣ ቀረ። እናንተ ታውቁ እንደሆነ እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ?"

"እኛማ ብናውቅ…" አለና አንገቱን ወደ ጎን አዘነበለ። ያቺ ያልተጨረሰች ዓረፍተ ነገር እስከ ሐይቁ ድረስ አብራን ተጓዘች። አርባ ምንጭ ባደርንበት ቤት እማዬ ወደ ጓሮ ወስዳኝ "ብታየው እንዳላየኸው ሁን። ስሙን በሆድህም አትጥራ። ሰውዬው የመጣው እኛን ተከትሎ ሊይዘው ነው" አለችኝ። በማግሥቱ ዓሣ ነጋዴዎች የሞሉበት አውቶቡስ ውስጥ ተጠጋግተን ስንሄድ ወንድሜን እንዴት አድርጌ እንደማላየው ስለማመድ ዋልኩ።

ደሴቷ ከሩቅ ስትታይ ውሃ ላይ የተኛ በሬ ትመስላለች። በታንኳ ተሻገርን። ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ ስለዚህ እማዬና ሌሎቹ ሴቶች ከበሩ ወዲህ፣ ከትልቅ ሾላ ሥር ቀሩ። የገባነው ሰይፉ፣ ሁለት የማኅበሩ ሽማግሌዎችና እኔ ነበርን። የበሩ መንገድ ግራና ቀኝ በቆሎ ተዘርቷል፤ መነኮሳቱ ራሳቸው የሚያርሙት ነው። አንድ ጎጆ ደጃፍ ላይ ብራና ሊሆን የተወጠረ የፍየል ቆዳ በፀሐይ ይደርቃል፣ አንድ አዛውንት መነኩሴ በድንጋይ ይፍቁታል። እኛን ሲያዩ መፋቃቸውን አቆሙና ቆዳውን ጀርባው ወደ እኛ እንዲሆን አዞሩት። እኛ ብቻ እንጠረጥራለን ብዬ አስብ ነበር፤ እነሱ ግን ከእኛ ይብሱ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ከእኛ በፊት ካሜራ የያዙ ጨዋ እንግዶች መጥተው፣ እነሱ በሄዱ ማግሥት አንድ ጥንታዊ ሥዕል ጠፍቶባቸዋል።

አበምኔቱ አጭር፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። መስቀላቸውን ከማሳለማቸው በፊት ሁላችንንም በየተራ "የንስሐ አባትህ ማን ይባላል?" ብለው ጠየቁን። ሽማግሌዎቹ መለሱ፣ እኔም መለስኩ። ሰይፉ ጋ ሲደርሱ የኪሱን እስክሪብቶ ነካካ።

"የነበሩት ሞቱ፣ አባ። ከዚያ ወዲህ አልያዝኩም" አለ በመጨረሻ።

"ለምን?"

"ሥራዬ አላመቸኝም።"

አበምኔቱ "ስላልዋሸህ ነው የምናስገባህ" አሉና መስቀሉን ሰጡት። እኔ ግን ይህንን ሁሉ ለመግባት ሲል አሳምሮ የተናገረው መስሎኝ ነበር።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ከመግባታችን በፊት እግራችን መታጠብ ነበረበት፤ የገዳሙ ወግ ነው፤ የእንግዳውን እግር ረድእ ያጥባል። ከግንቡ ሥር ባለው ረጅም ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ራሱን በሻሽ የሸፈነ፣ አንገቱን የደፋ ረድእ የውሃ ገበቴ ይዞ መጣና በሰይፉ ፊት ተንበረከከ። ቀና ብሎ አላየንም። የሰይፉን ጫማ አወለቀ፣ ውሃ አፈሰሰ፣ ተረከዙን አሸ፤ ከዚያም የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ እየፈለቀቀ፣ በአውራ ጣቱ ከጥፍሩ ሥር እየዳበሰ ማየት ጀመረ።

ይህንን የሚያደርገው የእኛ አገር ሰው ነው። በእኛ ቀይ አፈር ላይ ያደገ ሰው ሁሉ ሙጀሌ ያውቃል፤ እግር ውስጥ ገብታ እንቁላሏን የምትጥል፣ ካልወጣች የምታነክስ ተባይ ናት። በልጅነታችን ጌታቸው ሁልጊዜ ማታ እግሬን አጥቦ፣ ጣቶቼን ፈልቅቆ፣ በአውራ ጣቱ ዳብሶ፣ ካገኘም በመርፌ ያወጣልኝ ነበር። በዚያ ደሴት አሸዋ ላይ የሚኖር መነኩሴ የእንግዳ እግር ላይ ሙጀሌ አይፈልግም። እጁ በልማድ ሄዶበት ነው። ጌታቸው ነበር።

ሰይፉም ሳቀ። "ወንድሜ፣ ሙጀሌ የለብኝም" አለ። ሳቁ ግን መሀል ላይ ተቆረጠ። አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ የተንበረከከውን ሰው አየው። የረድኡ እጅ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቆመ።

"የት አገር ልጅ ነህ?" አለ ሰይፉ።

 አበምኔቱ ከኋላ ሆነው "እዚህ የገባ ሰው አገሩ እዚህ ነው። አይጠየቅም" አሉ።

"ይቅርታ አባ" አለ ሰይፉ፣ ዓይኑን ከረድኡ ሳያነሳ። ቀጥሎ የእኔ ተራ ነበር። ጌታቸው እግሬን ያዘ። ጣቶቼን አልፈለቀቀም፤ ፈጠን ብሎ ውሃ አፈሰሰና አለፈ። ብቻ ተረከዜን ከሚገባው ትንሽ አብልጦ ይዞ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የጧፍ ሰምና የአሮጌ ቆዳ ሽታ ነበር። መጻሕፍቱ በቆዳ ማኅደር ውስጥ ሆነው በግድግዳው ችካል ላይ ተንጠልጥለዋል። ሥዕሎቹ ከጊዜ ብዛት ቀለማቸው እንደ ደረቀ ደም፣ እንደ በሰለ ብርቱካን ሆኗል። ዛሬ ቢሆን ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን ፎቶ እናነሳ ነበር፤ ያኔ አበምኔቱ ጧፉን ከፍ ባደረጉበት ብቻ ነው የምናየው፣ ጧፉ ካለፈ ጨለማ ነው። ጻድቃኑን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎቹን በአንድ ዓይን እያሳዩን "የጥንት ሠዓሊ ክፉን ሰው ፊት ለፊት አይሥልም፤ ወደ ጎን ነው የሚሥለው፤ ምእመኑ ዓይን ለዓይን እንዳይገጥመው" አሉን። ወዲያው ሰይፉን አየሁት። ጧፉ ከወዲያ በኩል ስለነበር የሚታየኝ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው።

ከዚያ ወታደሩ ጋ ደረስን፤ መምህርታችን ያሳዩን እሱ ነው። አበምኔቱ "ይህ ለንጊኖስ ነው። ሠዓሊው በአንድ ዓይን ሣለው። በኋላ ግን ጎኑን በወጋው በጌታ ደም ዓይኑ በራለት፣ አመነ። ስለዚህ ከስንት ዘመን በኋላ የመጡ አባት ይህችን ሁለተኛዋን ዓይን ጨመሩለት" አሉ።

ሰይፉ ከሥዕሉ አልራቀም። "አባ፣ ሠዓሊው ሰውዬው በኋላ ምን እንደሚሆን ሳያውቅ እንዴት ፈረደበት?" ብሎ ጠየቀ።

"ጦር ይዞ አየዋ" አሉ አበምኔቱ።

ሽማግሌዎቹ ፈገግ አሉ። እኔ ጥያቄው ራሱ አስፈራኝ፤ ካድሬ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲፈላሰፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ደግሞ የባሰ መጣ። ሰይፉ "ሴቶቹ ከሾላው ሥር በሙቀት ተቀምጠዋል። ጸበል ይላክላቸው፤ ያ እግራችንን ያጠበን ልጅ ይውሰድላቸው። እኛ ደግሞ ዕቃ ቤቱን እንይ" አለ። ራሱ ወጥቶ ለልጁ ነግሮት ሲመለስ፣ አበምኔቱ ዕቃ ቤት ለእንግዳ አይከፈትም አሉ። ሰይፉ ይከፈት አለ። ሽማግሌዎቹ መሀል ገቡ፣ ሌሎች መነኮሳትም መቋሚያቸውን ይዘው ተሰበሰቡ፤ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ክርክር ተነሳ። ሰው ሁሉ ከሰይፉ ጋር ሲከራከር እኔ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። በጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጌታቸውን ወደ እማዬ የሚልከው እሷ ስትጮህ፣ ስታቅፈው ሰው እንዲያይ ነው።

ጌታቸው ገንቦ ተሸክሞ ከፊቴ በበቆሎው መሀል ይወርዳል። አልጠራሁትም፤ ራቅ ብዬ ተከተልኩ። ከኋላዬ ሰው ያለ እየመሰለኝ ደጋግሜ ዞርኩ። ወይዘሮ ብርቄ ሌሎቹን ሴቶች ይዛ እግራቸውን ሊያቀዘቅዙ ወደ ውሃው ወርደዋል፤ እማዬ ብቻዋን ከሾላው ሥር ጓዝ ትጠብቃለች። ቀና አለች። መጀመሪያ ገንቦውን አየች፣ ከዚያ እጁን፣ ከዚያ ፊቱን። ፊቷ ላይ የሆነውን አሁን መጻፍ አልችልም። ወዲያው ግን ከትከሻው በላይ እኔን አየችኝ፣ ከእኔም በላይ በሩን አየች። ጸበሉን በኩባያ ቀዳላት። በሁለት እጇ ተቀብላ ጠጣች፤ ውሃው በአገጯ ላይ ወርዶ ቀሚሷን አራሰው፣ አልጠረገችውም።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ" አለችው፤ ለማያውቁት መነኩሴ እንደሚባለው።

"ልድገምልዎት?" አለ ጌታቸው። ድምፁ ጎርንኖ ነበር።

"ይበቃኛል" አለችና ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች።

ትንሽ ቆመ። ከዚያ ገንቦውን አንስቶ በመጣበት ተመለሰ። በአጠገቤ ሲያልፍ ዓይኑን አላነሳም። እማዬ እስኪርቅ ድረስ ሐይቁን እያየች ቀረች፤ ጣቶቿ ግን የሾላውን ሥር ቅርፊት እየላጡ ነበር።

ታንኳው ላይ ሰይፉ ከእሷ ትይዩ ተቀመጠ። ዕቃ ቤቱ አልተከፈተለትም፤ የተበሳጨ ግን አይመስልም።

"ጸበሉ ደረሰዎት፣ እትዬ አስካለ?"

"ደርሶኛል። ይመስገን።"

"ያመጣው ሰው… አነጋገረዎት?"

"መነኩሴ ምን ያነጋግራል? ሰጠኝ፣ ጠጣሁ።"

 "እንዲያ ነው?" አለና እስከ ዳር ድረስ ጫማውን ሲያይ ቆየ። እማዬ በነጠላዋ ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ አየህ ማለቷ ነው። እኔም አየሁ ብዬ አመንኩ።

ጂንካ ከተመለስን በኋላ ለወራት በር በተንኳኳ ቁጥር ጌታቸው ተያዘ የሚል ወሬ ጠበቅን። አልመጣም። ሰይፉ ክብሪት ሊገዛ ሱቃችን ሲመጣ እማዬ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ትሰጠው ነበር። አንዳንዴ አንድ ነገር ሊላት ብሎ ሰው ሲገባ ዝም ይላል። "ጊዜ እየጠበቀ ነው" ትለኝ ነበር ከሄደ በኋላ። ከዚያ ሰይፉ ወደ ኦሞ ዳር፣ ወደ ካንጋተን ተዛወረ፤ መንግሥት ሲለወጥ ወዴት እንደደረሰ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ጌታቸው የመጣው ለውጡ በሆነ ሰሞን፣ ዝናብ እየዘነበ ነው። ከጭነት መኪና ወርዶ ሱቁ ውስጥ ገባና ጨው ጆንያ ላይ ተቀመጠ። አልመነኮሰም፤ ጸጉሩ ተላጭቶ ነበር እንጂ ቆብ አልደፋም። እማዬ ከባንኮኒው በስተኋላ ቆማ ቀረች። መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው።

"እማዬ፣ ያን ቀን ለምን ፊትሽን አዞርሽብኝ?"

"ሰውዬው እያየ መስሎኝ ነዋ።"

"የትኛው ሰውዬ?"

"ሰይፉ ነዋ! ሊይዝህ የላከህ።"

ጌታቸው ራሱን ነቀነቀ። "ገንቦውን ስሞላ ምንጩ ድረስ መጥቶ ነበር። 'እናትህ ከሾላው ሥር ናት። ሂድና እቀፋት። እኔ ሁሉንም ዕቃ ቤቱ በር ላይ አቆይልሃለሁ' አለኝ። እኔ ስለሸሸሁ ያፈርሽብኝ መስሎኝ ነበር። ስንት ጊዜ ልመንኩስ ብዬ ተነሳሁ። ማንም አልነበረም እኮ፣ እማዬ። ከታምሩ በቀር ማንም አልነበረም።"

እማዬ ባንኮኒውን ዞራ መጣች። አጠገቡ ስትደርስ ግን አላቆመችም፤ አልፋው ወደ በሩ ሄደች። ራሷን ወደ ዝናቡ አውጥታ መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየች፣ የሻይ ቤቱን ደጅ አየች፣ በሩን ገርበብ አደረገችው። ከዚያ በኋላ ነው ልጇን ያቀፈችው።